ያልላክሁትስ ምን ይሆናል?

ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ከአንድ የገበያ ማዕከል ስልክ ተደወለ። ሦስት ሰዎች በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መሃል በቆመ ሊፍት ውስጥ ቀርተዋል። ስልኩን ያነሳችው የሊፍት ጥገና ድርጅቱ ጥሪ ተቀባይ ነበረች፤ በዚያች ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጠች፣ ሁሉም ሰው “ማብራሪያ” እያለ የሚጠራት ሴት።

ስሙ የወጣላት በጥያቄዋ ብዛት ነው። ቴክኒሻኖቹ በሬዲዮ “እዛ ጋ ነኝ” ሲሏት “እዛ ማለት የት?” ትላለች። “ትንሽ ይቀረኛል” ሲሏት “ትንሽ ማለት በደቂቃ ስንት?” ትላለች። አንድ ቀን አንዱ ተማርሮ “ይቺ ሴትዮ ያለ ማብራሪያ ውሃም አትጠጣ” አለ። ከዚያ ወዲህ መዝገብ ላይ ያለ ስሟን የሚያስታውሰው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው።

የገበያ ማዕከሉ ሊፍት አሮጌ ነው፤ በሩ በእጅ የሚጎተት፣ በብረት ገመድ የሚንጠለጠል። እንዲህ ያለውን ለመክፈት የሙያ ፈቃድ ያላቸው በድርጅቱ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ደግሞ ዕረፍት ላይ ነበር። ማብራሪያ ኮምፒውተሩን ጠየቀችው፤ የገመድ ሊፍት መክፈት የሚችል፣ አሁን ሥራ ላይ ያለ ማን ነው?

ኮምፒውተሩ “ማንም የለም” ብሎ መለሰ።

“እንዴት ማንም አይኖርም?” አለች ለራሷ። ጋሼ ገመድ አለ። ሃያ ስምንት ዓመት ከገመድ ጋር የኖረ፣ ሊፍቱ ሲንቀሳቀስ ድምፁን ሰምቶ ሕመሙን የሚናገር ሰው አለ። መዝገቡን ከፈተች። የጋሼ ገመድ ስም አለ፤ ከሥሩ አዲስ የስልክ ቁጥር አለ፤ ሌላ ምንም የለም። የሚሠራበት ቀጠና ባዶ፣ የሙያ ፈቃዱ ባዶ፣ ተራው ባዶ። ሃያ ስምንት ዓመት የሠራ ሰው ስምና ስልክ ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

በአዲሱ ቁጥር ደወለችለት።

“አቤት ማብራሪያ” አለ፤ ሻይ ሲያማስል የማንኪያው ድምፅ ይሰማል።

“ጋሼ፣ ከቡድኑ ጠፍተሃል።”

“እኔ? እዚሁ ነኝ እንጂ። ቅዳሜ ስልክ ቀይሬያለሁ ብዬ ለዚያ ለማሽናችሁ መልእክት ልኬ አልነበር?”

“እሱን በኋላ እናወራዋለን። የገበያ ማዕከሉ ሊፍት፣ ሦስት ሰዎች።”

ማንኪያው ዝም አለ። በሃያ አምስት ደቂቃ ውስጥ ሦስቱ ሰዎች ወጡ። ማንም አልተጎዳም። ነገር ግን ማብራሪያ በዚያ ቀን ሻይ ልጠጣ ብላ ብትቀዳም ሳትጠጣው በረደባት። ሌላ ሰው ተረኛ ቢሆን ኖሮስ? ጋሼ ገመድን በቃሏ የማታውቅ አዲስ ልጅ ብትሆን ኖሮስ?

“ማሽናችሁ” የተባለው ከሦስት ሳምንት በፊት የገባ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ነው። ቴክኒሻኖቹ እንዳመጣላቸው በድምፅም በጽሑፍም ይልካሉ፤ ረዳቱ ያነብና የቡድኑን መዝገብ ያስተካክላል፤ ማን የት እንዳለ፣ ማን ነፃ እንደሆነ፣ ማን የትኛውን ሊፍት መንካት እንደሚችል። ከዚያ በፊት ይህን ሁሉ የምትጽፈው ማብራሪያ ነበረች። ሥራው ለረዳቱ ስለተሰጠ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ወደ መለዋወጫ ግምጃ ቤት እንደምትዛወር ተነግሯታል። ግምጃ ቤቱ መስኮት የለውም።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወደ ጥሪ ክፍሉ ወረደ። ከኋላው ፕሮግራመሩ ተከትሎታል። ጥሪ ክፍሉ ምድር ቤት፣ ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ነው፤ ፕሮግራመሩ የሚቀመጠው አምስተኛ ፎቅ ስለሆነ ቴክኒሻኖቹ ራሱን “አምስተኛ ፎቅ” ይሉታል። “ጉድ ነው፣ አምስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት ወረደ” አለ ጋሼ ገመድ፤ ጥግ ላይ ተቀምጦ ጓንቱን እያወለቀ።

ሥራ አስኪያጁ አልሳቀም። “አንድ ሰው ስልክ ቁጥሩን ስለቀየረ ከሥራ የሚያስወጣ ረዳት አልፈልግም” አለ። “ለጊዜው በቅጂ ላይ ይሥራ፤ ዋናውን መዝገብ እትዬ በእጃቸው ይያዙት። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ እንነቅለዋለን፤ ወደ ወረቀታችን እንመለሳለን።” ይህን ብሎ ወጣ።

ፕሮግራመሩ ቆሞ ቀረ። ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ሰው ነው። “ረዳቱ ነው የተሳሳተው እትዬ” አለ። “አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል።”

“ምን ተብሎ ነበር?” አለች ማብራሪያ።

“ማን?”

“ረዳቱ። ሥራውን ሲጀምር ምን ተባለ? ሰው ስንቀጥር እኮ ምን እንደሚሠራ እንነግረዋለን።”

ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና አሳያት። ረዳቱ መዝገቡን በቀጥታ አይነካም፤ ስድስት መሣሪያዎች ተሰጥተውታል። አንዱ አባል ይጨምራል፣ አንዱ ያስወጣል፣ አንዱ ይለውጣል፣ እንዲህ እያለ። በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ አጭር መግለጫ ተጽፏል። መልእክት ሲመጣ ረዳቱ መግለጫዎቹን አንብቦ የትኛውን እንደሚያነሳ ይመርጣል።

“መሣሪያው ምን እንደሚሠራ የሚያውቀው ከዚህች ጽሑፍ ብቻ ነው?”

“ከዚህች ብቻ።”

“አንብብልኝ።”

አነበበ፤ “አባል አዘምን። አባልን ያዘምናል።”

ማብራሪያ ጠበቀች። ሌላ ነገር ይመጣል ብላ ነበር። “አለቀ?”

“አለቀ።”

“ስምህ ማን ነው ሲሉት ‘ስሜ ስሜ ነው’ እንዳለው ሰውዬ” አለ ጋሼ ገመድ ከጥግ።

ማብራሪያ ግን እየቀለደች አልነበረም። ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠጋች። “እሺ፣ እኔ ረዳቱ ነኝ እንበል። ጋሼ ስልኬን ቀየርኩ አለኝ። ይህን መሣሪያ አነሳሁ። ስሙንና አዲሱን ስልክ ላክሁ። ያልላክሁትስ ምን ይሆናል?”

“ያልላኩት?”

“ቀጠናው፣ ፈቃዱ፣ ተራው። እነሱን አልነካሁም። ይቆያሉ ወይስ ይጠፋሉ?”

“ይቆያሉ” አለ ፕሮግራመሩ።

“ታውቃለህ ወይስ ትገምታለህ?”

ኮምፒውተሩን ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ ወደ ኮዱ ገባ። ረጅም ጊዜ ፈለገ። ጋሼ ገመድ ጓንቱን አጥፎ ጨረሰ፤ አንድ ስልክ ተደወለ፤ ማብራሪያ አንስታ መለሰች። ዘወር ስትል የፕሮግራመሩ ጆሮ ቀልቶ አየችው።

“ይጠፋሉ” አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። “የተላከው ብቻ ይቀራል። ይህን ክፍል ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ነው የጻፈው፤ እኔም አላየሁትም። ረዳቱ አልተሳሳተም። የሰጠነው መሣሪያ ነው እንደዚያ የሚሠራው፤ እኛ ደግሞ አልነገርነውም።”

በዚህ ጊዜ ማብራሪያ ከወንበሯ ተነሳች። ለምን እንደተነሳች መጀመሪያ ራሷም አላወቀችም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህችን ጥያቄ ስትጠይቅ ሰዎች ዓይናቸውን ያንከባልሉባታል፤ “ይገባሻል እንግዲህ” ብለው ስልኩን ይዘጉባታል። አሁን ግን የተጻፈለትን ቃል በቃል የሚያምን፣ ከተጻፈለት ውጪ ምንም የማያውቅ አንባቢ አገኘች። ለእንደዚህ ዓይነቱ አንባቢ አንዲት ዓረፍተ ነገር ማስተካከል ማለት ሰው ከሊፍት ማውጣት ነው።

“ስድስቱንም አትምና አምጣልኝ” አለችው። “እኔ ልጻፋቸው።”

በማግስቱ መስመር ያለው ደብተር ይዛ መጣች። ፕሮግራመሩም ኮምፒውተሩን ይዞ ወርዶ በሬዲዮው አጠገብ ጠረጴዛ ያዘ። መጀመሪያ እሱ መሣሪያውን ጠገነው፤ ያልተላከ ነገር ከእንግዲህ እንዳይጠፋ። ግን ሲፈትሹት ሌላ ነገር ተገኘ። አንድ ቴክኒሻን ብዙ ቀጠና ሊኖረው ይችላል፤ ቀጠናዎቹ በዝርዝር ነው የሚቀመጡት፤ ዝርዝሩ ሲላክ ደግሞ አሮጌው ሙሉ በሙሉ ይተካል። “ሰሜንንም ጨምሩልኝ” ያለ ሰው ሰሜን ብቻ ይቀርለታል ማለት ነው።

ማብራሪያ እንዲህ ብላ ጻፈች፤

“የአንድን አባል መዝገብ በከፊል ይለውጣል። የላክኸው ብቻ ይለወጣል፤ ያልላክኸው እንደነበረ ይቆያል። ተጠንቀቅ፤ ቀጠናዎች ከዚህ ይለያሉ። የቀጠና ዝርዝር ስትልክ አሮጌው ዝርዝር በሙሉ ይተካል። አንድ ቀጠና ለመጨመር መጀመሪያ ያሉትን አንብብ፣ አዲሱን ጨምርባቸው፣ ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ ላክ።”

ብዕሯን አስቀመጠች። “ለማሽን ‘ላክ’ ነው የሚባለው ወይስ ‘ላኩ’?”

“ለሱ ሁሉም አንድ ነው እትዬ።”

“እንግዲያው ‘ላክ’ ይሁን። እየሠራ ሲያድግ አንቱ እንለዋለን።”

ከዚያ ፈተና አዘጋጁ። ማብራሪያ ካለፈው ሳምንት የሬዲዮና የጽሑፍ መልእክቶች ሠላሳውን መረጠች፤ ቴክኒሻኖቹ በጩኸት መሃል፣ አንድ እጃቸው ግሪስ ሆኖ የላኳቸውን። እያንዳንዱ መልእክት በመዝገቡ ላይ ምን ማምጣት እንዳለበት በደብተሯ ጻፈች። በአሮጌው መግለጫ ረዳቱ ከሠላሳው አሥራ ሦስቱን ሳተ። በአዲሱ አምስት።

“አምስት” አለ ፕሮግራመሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከፍ አለ። “እትዬ፣ ኮዱን ከዚያች ጥገና በቀር አልነካሁትም። ቃል ብቻ ነው የቀየርነው።”

“አምስቱን አሳየኝ” አለች። ምሳ ሰዓት ደርሶ ማለፉን ሁለቱም አላስተዋሉም።

የመጀመሪያው ስህተት የአንድ “ፂሙ” የሚባል ቴክኒሻን ነበር። ከዕረፍት ሲመለስ በዚያው ቀን ጠዋት “ፈቃዴ ትናንት አልቋል፣ ዛሬ ሥራ ላይ ነኝ” ብሎ ልኳል፤ ማብራሪያ ትኩስ ነው ብላ ከሠላሳው አንዱ አድርጋዋለች። ረዳቱ የሙያ ፈቃዱን “ጊዜው ያለፈበት” ብሎ መዘገበው። ማብራሪያ ስታየው ጉልበቷን መታ አደረገች። በመዝገቡ ላይ “ፈቃድ” የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው፤ ሰው ደግሞ ዕረፍቱንም ፈቃድ ይላል፣ የሙያ ወረቀቱንም ፈቃድ ይላል። ሰው ከሰው ጋር ሲያወራ ነገሩ ከአነጋገሩ ይገባል። ወረቀት ላይ ግን አይገባም። ለሁለት ከፈሉት፤ አንዱ “የሙያ ፈቃድ”፣ አንዱ “ዕረፍት”፤ በየትኛው ንግግር የትኛው እንደሚነካም ምሳሌ ጻፈችበት።

ሁለተኛው የባሰ ነበር። አንዱ “የመድን ሕንፃውን ለቅቄያለሁ” ብሎ ሲልክ ረዳቱ አባል የሚያስወጣውን መሣሪያ አንስቶ ሰውየውን ከቡድኑ ሰረዘው። የዚያ መሣሪያ መግለጫ “የለቀቀ አባልን ያስወጣል” ይል ነበር።

“የለቀቀ ይላል፤ እሱም ለቀቅሁ አለ” አለ ፕሮግራመሩ ራሱን ይዞ።

“ለቀቅሁ ማለት እኮ እዚህ ቤት ሊፍቱን ጠግኜ አስረከብሁ ማለት ነው። በቀን ሃምሳ ጊዜ እሰማዋለሁ።”

“እኔ አላውቅም ነበር።”

“እንዴት ታውቃለህ፤ አምስተኛ ፎቅ ሬዲዮ አይሰማ።” ይህን ያለችው በክፋት አልነበረም፤ እሱም አልተቀየማትም። ጻፈች፤ “አባልን ከቡድኑ ለዘለቄታው ይሰርዛል። የተሰረዘ አይመለስም። ቴክኒሻን ‘ለቅቄያለሁ’ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ጨርሶ ነፃ ሆኗል ማለት ነው፤ ለዚያ ይህን መሣሪያ አታንሳ፤ ሁኔታውን ‘ነፃ’ አድርግ። ይህን መሣሪያ የምታነሳው ሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ ሲያዝ ብቻ ነው።”

ረቡዕ ግን ነገር ተበላሸ። ማብራሪያ ሌሊቱን ያሰበችውን ሁሉ አስገብታ መግለጫዎቹን ሁለት ሁለት ገጽ አደረገቻቸው። ምናልባት እንዲህ ቢሆን፣ ምናልባት እንዲያ ቢሆን እያለች፤ በየመስመሩም “እርግጠኛ ካልሆንህ ጠይቅ” ብላ ጨመረች። ረዳቱ ሠላሳውን መልእክት ተቀብሎ ሃያ ስድስቱን መልሶ ጠየቀባቸው። “ደርሻለሁ” ላለው “ደርሻለሁ ሲሉ የት?” አለ። “ሻይ ልጠጣ ነው” ላለው “ለስንት ደቂቃ?” አለ።

ጋሼ ገመድ ስክሪኑን አንብቦ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። “በቃ ወለድሽ” አላት። “አፍንጫችሁ አንድ ነው።”

ማብራሪያም ሳቀች፤ ከሳቀች በኋላ ግን አሰበች። ሰው እንኳ እንዲህ ያለ መመሪያ ቢሰጠው ግራ ይገባዋል። ስለ ሁሉም ነገር እኩል ካስጠነቀቅኸው የትኛው እንደሚያስፈራ አያውቅም። ቀይ እስክሪብቶ አነሳችና መቁረጥ ጀመረች። ከመቁረጡ በፊት ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ይህ ባይኖር ምን ይበላሻል? ምንም የማይበላሽ ከሆነ ሰረዘችው። “ጠይቅ” የሚለው በሁለት ቦታ ብቻ ቀረ፤ አባል ከመሰረዝ በፊትና ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጽል ስም ሲጠሩ። ማምሻውን ረዳቱ ከሠላሳው ሃያ ዘጠኙን አገኘ።

ያን ቀን ቤቷ ስትገባ ባሏ ሽንኩርት ይልጥ ነበር። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ወጥ ቤቱን እንደ አውቶቡስ ይዞታል፤ ማንንም ወደ ፊት አያስጠጋም። ማብራሪያ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ስለ ፈቃድና ስለ ለቅቄያለሁ፣ ስለ ሃያ ዘጠኙ እያከታተለች ነገረችው። እሱ ቢላዋውን አስቀምጦ አያት።

“አንቺ ሴት” አላት፤ “ይህ ነገር አይደለም እንዴ ወደ ግምጃ ቤት የሚያስገባሽ?”

“እሱ ነው።”

“እና በገዛ እጅሽ ጉድጓድሽን ትቆፍሪያለሽ?”

ማብራሪያ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጥያቄው እውነት ነው፤ እሷም ሰኞ ማታ ለራሷ ጠይቃው ነበር። ዝም ብትል ዓርብ ይነቀላል፤ ወንበሯ ላይ ትቀራለች። “ዝም ብል እኮ” አለች ቀስ ብላ፤ “ሁሉም ነገር በእኔ ጭንቅላት ብቻ ይቀራል፤ እኔ የሌለሁ ቀን እንደ ሰኞዎቹ ሦስት ሰዎች ሊፍት ውስጥ የሚቀር አይጠፋም። ደግሞ እውነቱን ልንገርህ? በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ ሠርቼ አላውቅም። ያ ልጅ የምጠይቀውን ይጽፋል። ማሽኑ የምጽፈውን ይሠራል። ግምጃ ቤት ብገባም ይህን ሳምንት ማንም አይወስድብኝም።”

ባሏ ቢላዋውን አነሳ። “ዓይንሽ እንዲህ ያበራው መቼ ነበር?” አለና ወደ ሽንኩርቱ ተመለሰ። “በይ ሠላሳኛውን ንገሪኝ።”

ሠላሳኛው ሐሙስ ተፈታ። የቅጽል ስም ጉዳይ ነበር፤ ቡድኑ ውስጥ ሁለት “ቀጮ” አሉ። ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ እየተመለከተ ፕሮግራመሩ ረዳቱን ወደ ዋናው መዝገብ መለሰው። ሥራ አስኪያጁ እጁን አጣምሮ ትንሽ ቆየ፤ ሁለት ሦስት መልእክት አየ፤ “እስከ ማታ እናያለን” ብሎ ሄደ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የከተማው እኩሌታ መብራት ጠፋ።

በመጀመሪያው ደቂቃ ክፍሉ ጸጥ አለ። በሁለተኛው ሁሉም ስልኮች አንድ ላይ ጮኹ። ባንክ፣ ሆቴል፣ የመኖሪያ ሕንፃ፣ እንደገና ሆቴል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሃያ አንድ ጥሪ መጣ። ማብራሪያ በአንድ ጆሮዋ ስልክ፣ በሌላው ሬዲዮ ይዛ ትናገራለች፤ ፕሮግራመሩ በባትሪ የሚሠራውን ኮምፒውተር አቅፎ አጠገቧ ቆመ። መልእክቶቹ ይዘንባሉ። “የባንኩን ለቅቄያለሁ።” “ምዕራብንም ልያዝ፣ ቅርብ ነኝ።” “እኔ ቀጮ ነኝ፣ ሆቴሉ ጋ ደርሻለሁ።” ረዳቱ ሁለተኛውን ቀጮ ከመጀመሪያው ለመለየት አንድ ጊዜ ጠየቀ፤ ቀጮም ሁለት እጁ ተይዞ ስለነበር በሬዲዮ ተሳደበ። ሌላው ሁሉ በቦታው ገባ። ማብራሪያ በየመሃሉ አንገቷን አስግጋ ስክሪኑን ታያለች፤ ምዕራብን የጨመረው ሰው ደቡብም ምሥራቅም እንዳሉ አሉለት። ሦስት ናቸው። ሦስቱም አሉ።

ያኔ ከአንድ ሆስፒታል ተደወለ። የደወለችው ነርስ የምትናገረው ፈጠን ብላ ነው፤ ግን ቃሏ ጥርት ያለ ነው። የሆስፒታሉ ጄኔሬተር ተነስቷል፤ ሊፍቱ ግን ከመብራቱ ወደ ጄኔሬተሩ ሲዞር ፎቅ መሃል ደርቋል። ውስጥ ኦክስጅን የተደረገላቸው አዛውንት በአልጋ ላይ አሉ፤ አብሯቸው ሌላ ነርስ አለ፤ ሲሊንደሩ ለሠላሳ ደቂቃ ይበቃል።

የሆስፒታል ሊፍት ለመክፈት የተለየ የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ማብራሪያ ጠየቀች። ስክሪኑ መለሰ፤ ሁለት ሰዎች። አንዱ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ሥራ ላይ። ሁለተኛው ፂሙ፤ የሙያ ፈቃዱ የጸና፣ ከዕረፍት የተመለሰ፣ ከስምንት ደቂቃ በፊት “ፋርማሲው ያለበትን ሕንፃ ለቅቄያለሁ” ያለ፤ ነፃ። ፋርማሲው ከሆስፒታሉ ጀርባ ነው።

ፕሮግራመሩም ስክሪኑን አየ። በሰኞው መግለጫ ቢሆን ፂሙ ሁለት ጊዜ ይጠፋ ነበር፤ አንዴ በፈቃዱ፣ አንዴ በመልቀቁ።

“ፂሙ” አለች ማብራሪያ በሬዲዮ። “ሆስፒታል፣ ዋናው ሊፍት፣ አዛውንት በኦክስጅን ላይ። በእግርህ ሩጥ፤ መኪና አታስነሳ፣ መንገዱ ተዘግቷል።”

“እየሮጥኩ ነው” አለ ፂሙ፤ እውነትም ትንፋሹ ይሰማል።

አሥራ አንድ ደቂቃ። ማብራሪያ በነዚያ ደቂቃዎች ሌሎች አራት ስልኮች አነሳች፤ ድምፅዋ አልተለወጠም፤ የግራ እጇ ጣቶች ብቻ የፕሮግራመሩን እጅጌ ጨምድደው ይዘዋል። ከዚያ ነርሷ ደወለች።

“ወጥተዋል” አለች።

“ወጥተዋል ማለት ደህና ናቸው?”

“ደህና ናቸው። ኦክስጅኑም አልተቋረጠም። ውሃ ስጡኝ እያሉ ነው።”

ማብራሪያ እጅጌውን ለቀቀችው። ፕሮግራመሩ ወደ ግድግዳው ዞረ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። “እትዬ” አለ።

“አዎ” አለችው፤ “ገብቶኛል። ያንን ስልክ አንሳልኝ።”

መብራቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። የቆሙት ሊፍቶች ሁሉ ተከፍተዋል። ሥራ አስኪያጁ ወርዶ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ከዚያ ስድስቱን መግለጫዎች ጠየቀና እነሱንም ቆሞ አነበባቸው። “ይህን ማን ጻፈው?” አለ። ፕሮግራመሩ በጣቱ አመለከተ። ሥራ አስኪያጁ ቶሎ የሚያመሰግን ሰው አይደለም፤ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ወደ ግምጃ ቤት የተባለው ነገር ቀርቷል አለ፤ መሣሪያዎቹ ወደ ሃያ ሊያድጉ ስለሆነ መግለጫዎቻቸውን እሷ ትጽፋለች። ማብራሪያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ የፕሮግራመሩ ጠረጴዛ እዚሁ ምድር ቤት፣ ሬዲዮ በሚሰማበት ይሁን። ፕሮግራመሩ ራሱ ከሥራ አስኪያጁ ቀድሞ እሺ አለ።

በተከተለው ሳምንት የመጀመሪያው አዲስ መሣሪያ ቀረበ። ቴክኒሻን የሊፍት ገመድ ሲመረምር ያየውን ረዳቱ እንዲመዘግብ የሚያደርግ ነው። ማብራሪያ ረቂቋን ለጋሼ ገመድ አነበበችለት። እሱ እያዳመጠ አገጩን አሸ።

“‘ገመዱ የተበላ ከሆነ’ ትያለሽ” አላት። “የተበላ ገመድ አይተሽ ታውቂያለሽ?”

“አላውቅም።”

“የሊፍት ማሽን ክፍልስ?”

ማብራሪያ ደንገጥ አለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለ ሊፍት ስታወራ፣ ስትጽፍ፣ ሰው ስትልክ ኖራ አንድ ቀን እንኳ ወደ ላይ ወጥታ አታውቅም። ማንም ነይ ብሏት አያውቅም፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም።

“ደብተርሽን ያዢ” አለና ተነሳ።

በአንድ አሮጌ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ባለች ጠባብ በር ጎንበስ ብለው ገቡ። ክፍሉ ዘይት ዘይት ይሸታል። መሃሉ ላይ እስከ ሰው ወገብ የሚደርስ የብረት ጎማ ቆሟል፤ በላዩ ላይ ስድስት ገመዶች ጎን ለጎን ተኝተዋል። ጋሼ ገመድ ሞተሩን አጥፍቶ ቆለፈና እጇን ይዞ አንዱ ገመድ ላይ አሳረፈው። “ይቺ ታሻክራለች? እሷ የተበጠሰች ክር ናት። ክሮቹ አንድ ዙር በሚጠመዘዙበት ርዝመት ውስጥ ስንት የተበጠሰ ክር እንደምንታገሥ አሳይሻለሁ። ቀጥሎ ደግሞ ውፍረቱን በመለኪያ እንለካለን።”

ማብራሪያ በጣቷ ቆጠረች። ጣቷ ጠቆረ፤ ደብተሩ ላይም የጣቷ አሻራ ታተመ። “የተበላ” የሚለውን ሰርዛ ቁጥር ጻፈችበት። ጋሼ ገመድ ወደ ኋላ አስቁሟት ሞተሩን መልሶ ለቀቀው። የሆነ ሰው ከሥር ቁልፍ ተጫነ፤ ትልቁ ጎማ ተንቀጠቀጠና መዞር ጀመረ፤ ገመዶቹ እየተንሸራተቱ ወደ ጨለማው ወረዱ፤ ወለሉ ከእግሯ በታች ሲያጉረመርም ተሰማት።

“ማን ነው የሚወጣው?” አለች።

“እኔ ምን አውቃለሁ” አለ ጋሼ ገመድ እየሳቀ። “አንድ ሰው ቤቱ ሊገባ ነው።”

ማብራሪያ ጎማው እስኪቆም ቆማ አየችው። ከዚያ እንደገና እንዲንቀሳቀስ ጠበቀች።